ዘይቱን ማን ቀየረው?

እ.ኤ.አ. በ2011፣ እዚያ አገር የዛፉ ቅጠል ቀይና ቢጫ ሆኖ በሚረግፍበት ሰሞን፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወር ያህል ሰንብቼ ነበር። ያረፍኩት የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ነው። በሥነ ጽሑፍ ሂስ ኮርስ ሲ የሰጠሁት ልጅ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አልፎም "ጋሼ፣ ያቺን ሲ እኮ አልረሳኋትም" ይለኛል። ራሱ ታክሲ ይነዳል፤ ሚስቱ ደግሞ ሥራ የምትመላለስባት፣ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ የገዟት የቤት መኪና አለቻቸው። የዛሬው ጨዋታችን በዚች በሚስትየዋ መኪና ነው።

አንድ ማታ ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር እንደ ግትር በቅሎ መነጠር ጀምራለች። ወደገዟት ድርጅት ይዟት ሄደ። ከጠረጴዛው ኋላ የቆመው ሰው ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አድርጎ "ይቺ መኪና አንድም ቀን እኛ ዘንድ ዘይት ቀይራ አታውቅም" አለው። "ሌላ ጋራዥ ነው የምናስቀይረው" አለ የኔ ልጅ፣ ምን ክፋት አለው ብሎ። "እንግዲያው ዋስትናዋ ወድቋል" አለና ሰውየው የካምቢዮውን ጥገና ዋጋ ጽፎ ሰጠው። ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሦስት ሺህ ዶላር ለታክሲ ነጂ ስንት ሌሊት እንደሆነ አብሬው ስለሰነበትኩ አውቀዋለሁ።

ሚስትየዋ ምንም አላለችም። ምንም አለማለቷ ነው የከበደው፤ ምክንያቱም መኪናዋን ወደ አገራችን ሰው ጋራዥ የሚወስዳት ባልየው ነው፣ እሷ ከመጀመሪያውም "ኩባንያው ጋ ብትወስዳት አይሻልም ወይ" ብላ ነበር።

"ጋሼ" አለኝ እራት ከተነሳ በኋላ፣ "እርስዎ ማንበብ ነው ሥራዎት፤ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።" ከዳሽቦርዱ ኪስ ያወጣትን የዋስትና መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

እኔ እንግዲህ ስለመኪና ያለኝ እውቀት ጎማ ሲተነፍስ ከማወቅ እምብዛም አያልፍም። አዲስ አበባ ያለችኝ መኪና ሦስተኛ እጅ ናት፤ ዋስትናዋም ሻጩ "ወንድሜን ይንሳኝ፣ አታሳፍርህም" ያለኝ ነው። ግን ጽሑፍ ጽሑፍ ነው። ያንን ሌሊት ግጥም እንደሚመረምር ሰው እስኪርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? የትኛው ግስ ባለቤቱን ደብቋል? ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። መጽሐፉ ዘይት በወቅቱ ይቀየር ይላል፤ የተሠራው ሥራ ማስረጃ ይቀመጥ ይላል፤ አገልግሎቱን ግን ሙያው ያለው ማንኛውም ጋራዥ ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ ጽፎታል። ጠረጴዛው ኋላ የቆመው ሰው የተናገረው ቃል መጽሐፉ ውስጥ የለም። በኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ሥነ ቃል እንለዋለን። ደራሲው አይታወቅም፤ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ሁሉም ያምነዋል።

ታዲያ ይሄ ሥነ ቃል ከየት መጣ? አገሬ ከተመለስኩ በኋላም ነገሩ አልለቀቀኝም። እንዲያው ባጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። አንድ ወቅት እውነት የነበረ ነገር ነው፤ ሕግ ከሞተ ብሎታል፣ አፍ ግን አልቀበረውም።

ወደ ኋላ ሄድ እንበልና ከ1950ዎቹ እንጀምር (ከአሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና አምራቾች ሁሉ በማኅበራቸው በኩል ያዘጋጁት አንድ ዓይነት የዋስትና ጽሑፍ ነበራቸው። ፎርድ ግዛ፣ ክራይስለር ግዛ፣ ቃሉ ያው ነው። ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሞላው ድረስ፣ የተበላሸውን ዕቃ እንለውጥልሃለን ይላል፤ ዕቃውን ግን የማጓጓዣውን ከፍለህ ወደ ፋብሪካው ላክ። ከዚህ ሌላ ምንም ዓይነት ኃላፊነት የለብንም ይላል። ስሙ ዋስትና ይባል እንጂ ሥራው ከኃላፊነት ማምለጫ ነበር።

በግንቦት ወር 1955 የኒው ጀርዚ ነዋሪ የሆነ ሰው ለሚስቱ ለእናቶች ቀን ስጦታ ፕሊመዝ መኪና ገዛላት። በአሥረኛው ቀን፣ መኪናዋ ገና 468 ማይል እንደሄደች፣ መሪው እሷ እጅ ላይ ዞረና መኪናዋ ግድግዳ መታች። ሴትዮዋ ተጎዳች። ድርጅቱም አምራቹም ያንኑ ጽሑፍ አወጡ፤ "እኛ ያለብን ዕቃ መለወጥ ብቻ ነው፣ ፈርማችኋል።" የኒው ጀርዚ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግንቦት 9 ቀን 1960 የሰጠው ውሳኔ፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች የሄኒንግሰን ጉዳይ የሚባለው፣ እኔን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዳኞቹ የውሉን ትርጉም ብቻ ሳይሆን የፊደሉን መጠን ጭምር መረመሩ። ጽሑፉ ወደ ታች፣ ገዢው ወደሚፈርምበት መስመር በቀረበ ቁጥር ፊደሉ እየደቀቀና ለማንበብ እያስቸገረ እንደሚሄድ አስተዋሉ። ዋስትናው ራሱ የተሰካው በወረቀቱ ጀርባ፣ ስምንት ኢንች ተኩል የሚሆን የደቀቀ ጽሑፍ መሃል ነው። ከዚያ ደግሞ ሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች በ1958 ከተመረቱት የቤት አውቶሞቢሎች 93.5 በመቶውን እንደያዙ ጠቅሰው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ውል ካቀረቡ ገዢው ወዴት ሄዶ ሊከራከር ይችላል አሉ። እናም ያ ማምለጫ አይሠራም ብለው ፈረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ግንቦት 5 ቀን 1960። ከኒው ጀርዚው ፍርድ በአራት ቀን ይቀድማል። በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው ያ ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። በመጽሐፍ ላይ እኛ የዋዛ ሕዝብ አልነበርንም ማለት ነው። መጽሐፉ ከሸንሸሉ ወርዶ ስንት ሰው ጋ ደረሰ የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ። ከፍርዱ በኋላ ኩባንያዎቹ ዋስትናን ከማምለጫነት ወደ ማስታወቂያነት ለወጡት። ክራይስለር ለ1963 ሞዴሎቹ ሞተሩንና ካምቢዮውን ለ5 ዓመት ወይም ለ50,000 ማይል ዋስ እሆናለሁ ብሎ ገበያውን አናወጠው። ሌሎቹም ተከተሉ። እንዲህ ያለ ቸርነት ያለ ገመድ አይመጣም። ገመዱ ይሄ ነው፦ ዘይት በየ3 ወሩ ወይም በየ4,000 ማይሉ ይቀየር፣ ፊልትሮው በየሁለተኛው ዘይት ይለወጥ፣ በየስድስት ወሩ ደግሞ ባለመኪናው ይህን ሁሉ ስለመፈጸሙ ማስረጃ ይዞ ወደ ኩባንያው ወኪል ይምጣና ያስፈርም። ያንን ፊርማ ያላገኘ ዋስትናው ያጠራጥራል። እንግዲህ ወደ ወኪሉ ከሄድክ አይቀር ዘይቱንም እዚያው ብትቀይር አይሻልህም? የሰው ልጅ እንዲህ ነው የሚታሰረው፣ ማንም "ግዴታህ ነው" ሳይለው።

ለምን ታሰረ ብትሉ፣ አዲስ መኪና ከመሸጥ የሚገኘው ትርፍ ስስ ነው፤ የወኪሉን ቤት የሚያቆመው ሰርቪሱና መለዋወጫው ነው። መኪናዋ አንዴ ትሸጣለች፤ ዘይት ግን ዕድሜ ልክ ይቀየራል።

ይሄ የማሰር ጥበብ ከመኪናም በፊት ሌላ ቦታ ታይቷል። ቀዳዳ በተበሳ ካርድ የሚሠሩ የሂሳብ ማሽኖችን የሚያከራየው አይቢኤም፣ ተከራዮቹ ካርዱን ከሱ ብቻ እንዲገዙ ያስገድድ ነበር። "መጥፎ ካርድ ማሽኑን ያሰናክላል፣ የኔም ስም ይጠፋል" ነው ምክንያቱ። ጉዳዩ በ1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ ያገኙት ነገር ምን መሰላችሁ? የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የኪራዩን 15 በመቶ ጨምሮ ከከፈለ የራሱን ካርድ እንዲጠቀም ይፈቀድለት ነበር! ጭማሪ ሲከፈልበት የማያበላሽ ካርድ ሳይከፈልበት የሚያበላሽበት ምክንያት የለም። ኩባንያው የካርዱን ጥራት ያወድስ፣ ስለሌላውም ያስጠንቅቅ፤ ማሰር ግን አይችልም ተባለ። በዚያው በ1936 ግን ጄኔራል ሞተርስ ወኪሎቹን የሌላ ሰው መለዋወጫ እንዳይሸጡ በውል ማሰሩን በመቃወም አንድ የመለዋወጫ አምራች ያቀረበው ክስ ውድቅ ሆነ። አንድ ዓመት፣ አንድ ፍርድ ቤት፣ ሁለት ውጤት። ለመኪና ተጠቃሚው ነገሩ ሳይጠራ አርባ ዓመት ያህል ቆየ።

ያጠራው በሴኔት የዋሽንግተን ግዛት ተወካይ የነበሩት ዋረን ማግነሰንና የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ጆን ሞስ ያቀረቡት ሕግ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1960ዎቹ መጨረሻ የመኪና ዋስትናን ሲመረምር የሰዎች ምሬት ተከማችቶ ነበር። ሕጉን ጥር 4 ቀን 1975 የፈረሙት ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ናቸው። (ከመኪናው ፎርድ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ስሙን ያገኙት ከእንጀራ አባታቸው ነው። ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል።)

ሕጉ ብዙ ነገር ይዟል፤ ለኛ የሚያስፈልገን አንዷ አንቀጽ ናት። ዋስትና የሰጠ ኩባንያ፣ በነፃ ካልሰጠ በስተቀር፣ ገዢው በስም የተጠቀሰ ዕቃ ወይም አገልግሎት እንዲጠቀም የዋስትናው ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ማስቀመጥ አይችልም። ዕቃው ያለዚያ በትክክል እንደማይሠራ ለኮሚሽኑ አስረድቶ ልዩ ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው የሚቻለው። በቀላል አማርኛ፣ "ዘይቱን እኛ ጋ ካልቀየርክ ዋስትና የለህም" ማለት ከ1975 ጀምሮ ሕገወጥ ነው። ነፃ ዘይት ከሰጠህ ግን "ና እኛ ጋ ቀይር" ማለት ትችላለህ።

ይሄ ማለት ግን ባለመኪናው እንደልቡ ይሁን ማለት አይደለም። የሰፈር መካኒክ የሞተሩን የዘይት ቡሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ዘይቱ ቢፈስና ሞተሩ ቢነድ፣ ኩባንያው ያንን አልከፍልም ቢል እውነት አለው። ዘይት ጭራሽ ሳይቀየር ቀርቶ ሞተሩ ቢበላሽም እንደዚያው። በዋስትና የሚጠገነውን ዕቃ ራሱን ደግሞ ወኪሉ ጋ ነው የምትወስደው፤ ውጭ አሠርተህ ሂሳቡን ላክልኝ ማለት የለም። ኮሚሽኑ በሰጠው ማብራሪያ ግን ጉዳቱ ከውጭ ከተሠራው ሥራ የመጣ መሆኑን ማሳየት ያለበት ኩባንያው ነው። የኔ ተማሪ ነገር እዚህ ላይ ነው። የተቀየረው የሞተር ዘይት ነው፤ የታመመው ካምቢዮው ነው። ምን አገናኛቸው?

አውሮፓውያኑ ወደዚሁ የደረሱት በሌላ በር፣ በገበያ ውድድር ሕግ በኩል ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2002 ያወጣው ደንብ የአምራቾችን የሽያጭና የጥገና መረብ ላላ አደረገው፤ በ2010 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ዋስትናን በራስ ጋራዥ ብቻ ለመጠገን ማሰር የውድድር ሕጉን እንደሚያስጥስ ገለጸ። እነሱ ውድድሩን አዩ፣ አሜሪካውያኑ ገዢውን፤ መድረሻው ግን ተቀራራቢ ነው።

ሥነ ቃሉ ግን አልሞተም። በ2018 የአሜሪካው ኮሚሽን ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በ2022 ደግሞ የሞተር ብስክሌት አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ይዞ፣ ጥገናን ሌላ ቦታ ማካሄድም ሆነ የሌላ አምራች መለዋወጫ መጠቀም ዋስትናውን እንደማያፈርስ ራሱ ኩባንያው ዋስትናው ላይ እንዲጽፍ አዘዘው። ሕጉ ከወጣ 47 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ይቺን ትእዛዝ ከቅጣት ሁሉ እወዳታለሁ። በአፍ የኖረውን በጽሑፍ አስተባብል እንደማለት ነው።

እዚህ አዲስ አበባ "ታዲያ ይሄ ለኛ ምናችን ነው?" የሚለኝ አንባቢ አለ፣ አውቀዋለሁ። እውነቱን ነው፤ አብዛኞቻችን የነዳነው በሌላ አገር አሮጌ ተብሎ የተሸጠውን ነው። በኛ ልማድ ዋስ ሰው እንጂ ወረቀት አልነበረም። በቅሎ ስትሸጥ ዋስ ጥራ ትባላለህ፤ ዋስህ ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ችግር ሲመጣ በሩ የሚንኳኳ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀየረ። ከቻይና የመጡ፣ ሽታቸው ያልለቀቀ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በየሰፈሩ ቆመዋል። የባትሪያቸው ዋስትና የዓመታት ነው ይባላል። የአምራች ዋስትና ግን ባመዛኙ መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር የተወሰነ ነው፤ በግለሰብ አስመጪ በኩል ለገባች መኪና የሚያንኳኩት በር የትኛው ነው? የቨርጂኒያው ተማሪዬ ጥያቄ "ከወኪሉ ብወጣ ምን ይደርስብኛል" የሚል ነበር። የኛ ጎረቤት ጥያቄ "ወኪሉ የት ነው" የሚል ነው። አንድ ወዳጄ የባትሪው መብራት ቀይ ሆኖበት ሦስት ጋራዥ ዞረ፤ ሁለቱ ኮፈኑን ከፍተው "ምኑን እንንካው?" አሉት። ሦስተኛው ነካው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

የልጁን ነገር ልጨርስ። በማግስቱ የመጽሐፉን ገጽ ምልክት አድርጌ ሰጠሁትና "ማስረጃውስ?" አልኩት። ዝም አለ። ጋራዡ የአገራችን ሰው ነው፤ ሂሳቡ በእጅ ነው፤ ደረሰኝ መጠየቅ ደግሞ "አላምንህም" እንደማለት ይቆጠራል። አብረን ሄድን። ሰውየው ሙያውን አዲስ አበባ ከጣሊያን ጋራዥ የተማረ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ እጁ ዘይት የጠጣ ሰው ነው። ነገሩን ስንነግረው አንገቱን ደፋ። "በኔ ምክንያት?" አለ።

ከዚያ ከመሣቢያው አንድ ወፍራም ደብተር አወጣ። የመጣለት መኪና ሁሉ በታርጋ ቁጥሩ ተጽፏል። ቀኑ የፈረንጅ፣ ፊደሉ የኛ ነው። "ዘይት፣ ፊልትሮ ጭምር፣ ማይሉ ይህን ያህል። የኋላ ፍሬን ታይቷል፣ ደህና ነው።" የሚስትየዋ መኪና በሁለት ዓመት ስድስት ጊዜ ተመዝግባለች፤ አንድም ቀን አላሳለፈችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎምኩ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ የተጨነቅኩበት የለም። መካኒኩ ከታች ፈረመበት። ልጁ ትርጉሙን፣ የደብተሩን ቅጂና ምልክት ያለባትን መጽሐፍ ይዞ ሄደ። ያስጠናሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ "እምቢ ካላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ።" ጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው ለመጻፍ አልወደደም፤ አለቃውን ጠራ። አለቃው ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ መኪናዋን ትተህ ሂድ አለ። በአምስተኛው ቀን ካምቢዮው ያለክፍያ ተሠርቶ ወጣ። ሚስትየዋ ቁልፉን ስትቀበል አሁንም ምንም አላለችም፤ እራት ላይ ግን ዶሮ ነበር።

ልመጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ በዚያ ጋራዥ በኩል አለፍን። መካኒኩ ካርቦን ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ገዝቷል፤ "ፊልትሮ" የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጽፍ ጠየቀኝ፣ ጻፍኩለት። ተማሪዬ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲያደርሰኝ "ጋሼ፣ ትርጉምዎ ውስጥ አራተኛው መስመር ላይ ማይሉን ገልብጠዋታል" አለኝ። "ኤ ማይነስ ነው የሰጠሁዎት።"